ጥልቁ የተፋው

የጋሽ አበጋዝ ሬሳ ገና ከመንገድ ሳይነሣ የመካነ ሰላም ሕዝብ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። ገዳዩ ዓሣ አጥማጁ ሙሐሲን ነው፤ ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል? ቅዳሜ ገበያ መሐል ከሽማግሌው ጋር ተናንቀው በሰው ግልግል አልነበር የተለያዩት? ሬሳውንስ ማክሰኞ ጠዋት «አገኘሁ» ብሎ የደወለው እሱው አይደለም? አለቀ፣ ደቀቀ። ከተማው ምርመራ የሚባል ነገር አላስፈለገውም።

ኢንስፔክተር እታገኘሁ ግን ወሬ ሰምታ ሰው የምታስር ሴት አይደለችም። ሃያ ዓመት በፖሊስነት ኖራ ከሬሳ ይልቅ ወሬ እንደሚከረፋ አውቃለች። ኮንስታብል ምንይችልን አስከትላ ወደ ገደሉ የሚወስደውን የእግር መንገድ ቁልቁል ተያያዘችው።

ጋሽ አበጋዝ አቀበቱ መሐል ተደፍቷል። የገበሬዎች ማኅበር የመድኃኒት መጋዘን ዘበኛ ነበር፤ ለትንሽ ለትልቁ ሰላምታ የማይነፍግ ደግ ሽማግሌ። ከአፉ የወጣው አረፋ አገጩ ላይ ደርቋል፤ ዝንብ ግን አልወረረውም። እታገኘሁ ጎንበስ ብላ ስታይ ዝንቦቹ እዚያው ትከሻው አጠገብ ሞተው ረግፈዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም።

«ትከሻው ላይ ገመድ አለ» አለ ምንይችል።

«የሸክም ገመድ ነው። ሸክሙስ የታለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ተሸክሞ ወርዶ፣ ባዶ ገመዱን ይዞ ሲመለስ ነው የሞተው። ምን ተሸክሞ ወረደ?»

የሸሚዙ ጀርባ ከማጅራቱ እስከ ወገቡ ድረስ ቅባት ነገር ጠጥቶ ቆዳው ላይ ተጣብቋል። የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ አፍንጫዋን ሰንጎ ያዛት። ምንይችል ሊነካው እጁን ሲሰድ በጥፊ መታችው።

«ተው! በእጅህ እንዳትነካ!»

ሙሐሲን ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዓሣውን ሚስቱ ሁዳ መጥታ ወስዳለታለች፤ በዚህ ፀሐይ ፖሊስ ሲጠብቅ ቢውል ይበላሻላ።

«ከንጋት በፊት ሰሑር በልቼ ነው የወረድኩት፣ ኢንስፔክተር» አለ። «ጥልቁ ግርጌ ላይ ሳጠምድ ነጋ፤ ከላይኛው ዳር የሚመጣ ሰው ከዚያ አይታይም። ስመለስ ጋሼን እዚህ ወድቆ አገኘሁት። ወላሂ እጄን አላነሣሁበትም።»

ጥልቁ የሚሉት ገደሉ ሥር ያለውን ውሃ ነው። በበጋ ወንዙ ደርቆ ጠጠር ሲሆን እሱ ብቻ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ሰባት የጭነት ገመድ ቀጥለው ድንጋይ ቢያወርዱበት ወለሉን አልነካም ይላሉ።

«ቅዳሜ በምን ተጣላችሁ?»

«ደንበኞቼ ፊት "ከጥልቁ ዓሣ አታውጣ፣ ይቅርብህ" አለኝ። ለምን ስለው "የጥልቁ ጂኒ ተቆጥቷል" አለኝ። እናንተ ጾም ስትይዙ አይደል እኔ የምሸጠው? ገበያዬን ሊዘጋብኝ ነው ብዬ ተናደድኩ። አሁን ሳስበው ከፋኝ።» አንገቱን ደፋ። «ዛሬ ደግሞ ዓሣው እንደ ጉድ ነበር። ሰክሮ እጄ ድረስ መጣ። አላህ በረመዷን ሪዝቄን፣ ሲሳዬን ከፈተልኝ ብዬ አመሰገንኩ።»

በዚያ ዓመት ሁለቱ ጾሞች ገጥመው ነበር፤ ዐቢይ ጾምና ረመዷን አንድ ላይ። ከተማው ግማሹ ቀን አይቀምስም፤ ግማሹ ሥጋና ወተት አይነካም። ዓሣ ሲሆን ግን ቢላዋ የማን ነው አይባልበትም፣ ጾም ፈረሰም ብሎ የሚጨነቅ ብዙ የለም። የሁለቱም ቤት ምግብ ነው።

*

ምሳ ሰዓት ላይ እታገኘሁ የብርሀንነሽ ምግብ ቤት ገባች። የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ አምላኩ እዚያው ቀጥሯት ነበር። ከሐዘኑ ብዛት ዓይኑ ቀልቷል፤ አንገቱ ላይ ያለው ማዕተብ ከሩቅ ይታያል። ተነሥቶ ወንበር ሳበላት።

«ጋሽ አበጋዝ ለእኔ አባቴ ነበር» አለ። «እኔ ከትናንት ጀምሮ ከላላ ከተማ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ስመለስ ነው መርዶው የጠበቀኝ።»

«መጋዘኑ ውስጥ ምን አለ?»

«ምንም! ባዶ ነው። ጊዜው ያለፈበት የተባይ መድኃኒት ነበር፤ እንዲቃጠል ተብሎ ከቅበላ በፊት በመኪና ተጭኖ በወረኢሉ አድርጎ ደሴ ሄዷል። የርክክብ ወረቀቱን ቢሮዎ አመጣለሁ።»

ብርሀንነሽ መጣች። እታገኘሁ ጠዋት ቁርስ አልቀመሰችም፤ ዓሣ ጥብስ አዘዘች። አምላኩ ሽሮ አለ።

«እርስዎ ዓሣ አይወዱም?»

«ኧረ ነፍሴ ናት! ምን ላድርግ፣ ዘንድሮ ንስሐ አባቴ ከለከሉኝ። ጾም በደንብ ይጾም አሉ።» ፈገግ ብሎ ሎሚውን አንሥቶ ዓሣዋ ላይ ጨመቀላት። «ይብሉ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል።»

በላች። ጠፍጦ ነበር፤ ነጭ ሽንኩርቱ ትንሽ በዝቷል።

*

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኢንስፔክተር እታገኘሁ ከፖሊስ ጣቢያው ጓሮ ግድግዳ ይዛ ታስመልስ ነበር። ምራቋ አልቆም አላት፤ ዓይኗ ጭጋግ ለበሰ። ምንይችል እየሮጠ መጣ።

«ኢንስፔክተር! ሆስፒታሉ በሰው ተሞልቷል። ስድስት ሰው፤ ሁሉም ዓሣ የበሉ ናቸው! የሙሐሲንም ልጅ ሀናን አለችበት፣ የሰባት ዓመቷ። እሷ ብሶባታል።»

ዶክተር ጠይባ ለእታገኘሁ መርፌ ወግታት አልጋ ላይ ልታስተኛት ብትል እምቢ አለቻት። ከመጋረጃው ወዲያ ሀናን ተኝታለች። አፏ ምራቅ ይደፍቃል፤ ትንሽ ደረቷ እንደ ወናፍ ይርገበገባል።

«የዓይኗን ብሌን አይተሽዋል?» አለች ዶክተሯ። «መርፌ ቀዳዳ አክሏል። የሞተውም ሽማግሌ እንደዚሁ ነው። የተባይ መድኃኒት ነው። ማርከሻው እጄ ላይ ያለው ትንሽ ነው፤ ከደሴ ጠይቄያለሁ።»

«ትተርፋለች?»

«ይህቺን ሌሊት ካለፈች። አባቷን ነው የምትጠራው።»

አባቷ ግን ዓሣው መመረዙ እንደታወቀ ተይዞ ጣቢያ ታስሯል። ምንይችል ቤቱን ፈትሾ አንድ ከረጢት የብርብራ ፍሬ ይዞ መጥቷል፤ ሲወቀጥ ዓሣ የሚያሰክር ፍሬ ነው። ጣቢያ ስትመለስ ደግሞ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቦ «ክርስቲያኑን በጾሙ ሊፈጅ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አንድ ሁለት ቀልበ ቢስ ድንጋይ አንሥቷል። ወሎ ተዋልዶና ተዋዶ የኖረ አገር ነው፤ እንዲህ ያለች ቃል አንዴ ከተረጨች ግን መልቀሚያ የላትም።

«ስድስት ሰው ሲታመም እሱ ደህና ነው» አለ ምንይችል። «ዓሣውን ሸጠ፣ እሱ አልቀመሰም! ለምን ስለው "ጾም ነኝ" ይለኛል።»

«ጾም ነዋ! ረመዷን መሆኑን ረሳኸው?»

«ምክንያት ግን ይሆናል።»

ይሆናል። ይህ ነው የቸገራት።

*

በማግስቱ ሙሐሲንን ይዘው ጥልቁ ድረስ ወረዱ።

ሽታው ውሃው ሳይታይ ተቀበላቸው። ከዚያ ውሃው ታየ፤ ውሃ ከተባለ። ከዳር እስከ ዳር በነጭ ሆድ ተሸፍኗል። ትልቁም ትንሹም ዓሣ በጀርባው ተንጋሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑ ፈጦ ተንሳፍፏል። እንቁራሪቱ ሞቷል። ከዳር ውሃ ልትጠጣ የመጣች ወፍ ክንፏን ዘርግታ ጭቃው ላይ ቀርታለች። በመሐሉ ቢጫ ቅባት እየተጥመለመለ ይሄዳል። እታገኘሁ የትናንቱ ጉርሻ ጉሮሮዋ ላይ የተመለሰ መሰላት። አንገፈገፋት። ከዚህ ነው የበላሁት! ይህን ነው ጣፈጠ ያልኩት!

ሙሐሲን ዳሩ ላይ ተንበረከከ። በካቴና በታሰረ እጁ በዱላ አንድ ጢማም ትልቅ ዓሣ ሳበ። የዓሣው ሥጋ ተልፈስፍሶ ከአጥንቱ ተላቀቀ።

«አምባዛ ነው» አለ እያለቀሰ። «ኢንስፔክተር፣ ብርብራ አላውቅም አልልሽም። አባቴም ያውቅ ነበር። ግን ብርብራ ለጉልበት ውሃ ነው፤ ዓሣውን ያሰክረዋል እንጂ በላተኛ አይጎዳም። ይሄን ጥልቅ ውሃ በብርብራ የሚሞክር እብድ ነው። ደግሞ እይው። አምባዛ ከወለሉ፣ ከጭቃው ነው ኑሮው። እሱ በስብሷል፤ ላይ ላዩን የሚሄደው ቆሮሶ ግን ገና ትናንትና ዛሬ ነው የሞተው።»

«ታዲያ?»

«ሞቱ ከታች ነው የመጣው። ከሰነበተም ሰንብቷል።»

እታገኘሁ አየችው። ልጁ ሞትና ሕይወት መሐል ሆና ስለ አምባዛ የሚያለቅስ ሰው ነው። ነፍሰ ገዳይ እንዲህ ያለቅሳል? ያለቅስ ይሆናል፤ ስንቱን አይታለች።

«ልጄስ?» አላት።

«አለች። ሌሊቱን አልፋለች።»

«አንዴ ብቻ ልያት። ከዚያ ብትፈልጊ ስቀዪኝ።»

«አብሽር፣ አይዞህ» አለችው።

*

ቢሮዋ ስትመለስ አምላኩ ወረቀቱን ይዞ ጠበቃት። የርክክብ ወረቀት፣ ማኅተም ያለበት፣ የእያንዳንዱ በርሜል ቁጥር ተራ በተራ የተጻፈበት። እንከን አይወጣለትም።

«ሟችን መውቀስ ነውር ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን ጋሽ አበጋዝ ጥቂት ደብቆ አስቀርቶ ቢሆንስ? ለዓሣ አጥማጁ ሰጠው፤ ያ ደግሞ ዓሣ ገደለበት፤ ቅዳሜ ተጣሉ። እኔ ግምቴን ነው።»

ግምቱ ጥሩ ነበር። እንዲያውም በጣም ጥሩ ነበር። ከላላ ደውላ አጣርታለች፤ ለቅሶ ላይ አድሯል፣ አርባ ሰው አይቶታል። ሰውየው ንጹሕ ነው። ሙሐሲንን የሚያስፈታ አንድም ነገር እጇ ላይ የለም፤ ከበሩ ውጭ ያለው ጩኸት ደግሞ እየጨመረ ሄዷል።

አምላኩ እንደወጣ ብርሀንነሽ እያለቀሰች ገባች።

«እኔንም ልታስሪኝ ነው አሉኝ! በልጆቼ አምላክ፣ እኔ ከሁዳ እጅ ገዝቼ ጠበስኩ እንጂ ምን አደረግሁ? ጨውና በርበሬ ብቻ ነው ያደረግሁበት!»

«ነጭ ሽንኩርቱስ?»

«የምን ነጭ ሽንኩርት? ካለቀብኝ ሦስት ቀኔ!»

እታገኘሁ የጠረጴዛዋን ጠርዝ ያዘች። የጋሽ አበጋዝ ጀርባ ሽታ መጣባት። ያን ሽታ ነው ያኘከችው፤ ያውም ሎሚ ተጨምቆለት።

«አቶ አምላኩ ዕድለኛ ናቸው» አለች ብርሀንነሽ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠርጋ። «ድሮ በጾም የዓሣው ጌታ እሳቸው ነበሩ። ሲያልቅብኝ ይቆጡኝ ነበር። ዘንድሮ ግን ከቅበላ ወዲህ አንድ ቀን አልቀመሱም።»

«ከቅበላ ወዲህ?»

«አንድ ቀን! ሚስታቸው እንኳ ዓሣ ቤቴ እንዳይገባ ብሎ አስምሎኛል አለችኝ።»

እታገኘሁ ኮፍያዋን አነሣች።

*

ቄስ ንጉሡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ጥላ ይዘው ተቀምጠዋል። የአምላኩ ንስሐ አባት ናቸው። መስቀል ተሳለመች።

«አባቴ፣ ኃጢአቱን አልጠይቅዎትም።»

«ብትጠይቂኝም አልነግርሽ።»

«አንድ ነገር ብቻ። ዘንድሮ ዓሣ እንዳይበላ ከልክለውታል?»

ቄሱ አፋቸውን ከፍተው አዩዋት።

«እኔ? ዓሣ? ልጄ፣ የነገረኝን እንድደብቅ ክህነቴ ያስገድደኛል፤ ያላልኩትን ግን ብሏል ብሎ የሚያሸክመኝ ማን ነው? ስለ ዓሣ ተነጋግረንም አናውቅ። እኔ ራሴ ሰኞ ከቅዳሴ ስወጣ አይደለም እንዴ ከብርሀንነሽ ቤት የበላሁት?» እጃቸው ሆዳቸው ላይ ሄደ። «ምነው? የሰኞውም ነበረበት እንዴ?»

«ዶክተር ጠይባን ይዩ፣ አባቴ» ብላ ተነሣች። በአእምሮዋ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። ሁለቱም ዓሣውን አልቀመሱም፤ ሁለቱም «ጾም ነኝ» ብለዋል። አንዱ እውነቱን ነው፤ ያንኑ ዓሣ ለገዛ ልጁ ሰጥቷል። ሌላው ግን አንድም ሰው ሳይታመም፣ አንድም አምባዛ ሳይንሳፈፍ፣ ከወር በፊት ከቤቱም ከአፉም ዓሣ አግዷል። ምን አውቆ?

ከሰዓት በኋላ የሙሐሲንን ካቴና ፈታች። ዶክተር ጠይባ በሰጠቻቸው የላስቲክ ጓንት እጁን ሸፍኖ፣ ረጅም ገመድ ጫፍ ላይ ሜንጦ አስሮ ጥልቁ ውስጥ ጣለ። የገመዱን ስበት በጣቱ እየሰማ ወለሉን ሲዳስስ፣ እየሳበና እየለቀቀ አንድ ሰዓት ቆየ። ከዚያ ገመዱ ተወጠረ። ሦስት ሰው ሆነው ጎተቱ። የወጣው አንድ የተጨረማመተ በርሜል ነበር፤ የራስ ቅል ሥዕል ያለበት፣ ቢጫ መግል የሚያንጠባጥብ። እታገኘሁ አፍንጫዋን ይዛ ቁጥሩን አነበበች፤ ወረቀቱ ላይ አየችው። ደሴ ደረሰ ከተባሉት ውስጥ ሰባተኛው ነው።

*

አምላኩን ቤቱ ሄዳ አላሰረችውም። ቢሮዋ አስጠራችው። በርሜሉ ከመስኮቱ ውጭ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ ቆሟል። እንዳየው ቀለሙ ከፊቱ ሄደ።

«ተቀመጥ» አለችው። ትናንት አንቱ ነበር።

«ኢንስፔክተር፣ ይህ…»

«ቄስ ንጉሡን ጠይቄያቸዋለሁ። ዓሣ አልከለከሉህም። ማን ከለከለህ?»

አምላኩ ማዕተቡን በጣቱ ያሽከረክራል።

«ስንት በርሜል ነው?»

«አሥራ ስምንት» አለ በመጨረሻ። «ደሴ ያሉት ሰዎች የሚያፈስ በርሜል አንቀበልም አሉ። በአዲስ ገልብጡት ተባልኩ። ያንን ማን ይነካዋል? ማን ይገለብጠዋል? ዘበኛው እያየን በሹፌሩ አስጭኜ ከገደሉ አፍ ላይ አንከባለልነው። የርክክቡን ወረቀት ራሴ ሞላሁት፤ ጥልቁ ይውጠዋል ብዬ ነው። ማን ያየዋል ብዬ!»

«ጋሽ አበጋዝስ?»

«ሁለት ትንንሽ ጄሪካን ቀርቶ ነበር። ንብረት ቆጣሪ ይመጣል ሲባል ወስደህ ድፋው አልኩት። አንዱን ሰኞ ወሰደ። ማክሰኞ… እኔ ከላላ ነበርኩ!»

«ክዳኑ እንደሚያፈስ ታውቅ ነበር?»

«ያንጠባጥብ ነበር።»

«ለሽማግሌው ጓንት ሰጠኸው? ልብስ? እንዲያው ሞት ነው የተሸከምከው ብለህ ነገርከው?»

አምላኩ ወደ መስኮቱ፣ ወደ በርሜሉ አየ።

«ለሚስትህስ?»

«ለሷ… ዓሣ እንዳትገዛ ብቻ።»

«ለከተማውስ? ወር ሙሉ ሕዝቡ ሲበላ ለምን አልተናገርክም?»

አምላኩ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሣ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ» አለ።

«በጋሽ አበጋዝ አፍም ዝንብ አልገባም። አጠገቡ ሞታ ነው ያገኘኋት።» ተነሣች፤ ከዚህ በላይ ፊቱን ማየት አቃታት። «እሱ ምስኪኑ ቢያንስ በጂኒ አሳቦ ሙሐሲንን ሊያስጥለው ሞከረ። አንተ ግን አጠገቤ ተቀምጠህ ስበላ አየኸኝ። ሎሚ ጨመቅህልኝ! ይብሉ አልከኝ!»

«እምቢ ቢሉ ምክንያቱን ይጠይቁኛል ብዬ ፈራሁ…»

«ኤዲያ! ውሰዱልኝ!» ብላ ምንይችልን ጠራችው። እጇን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበች፤ ሽታው ግን አለቀቃትም።

ትንሽ ቆይቶ ምንይችል ተመለሰ፤ ሊስቅ ነው ሊያለቅስ አይታወቅም።

«ምን ሆንክ?»

«አቶ አምላኩ የጾም ምግብ አለ ወይ ይላሉ።»

*

እታገኘሁ ራሷ ከሕዝቡ ፊት ሙሐሲንን በር ድረስ አውጥታ «ይህ ሰው ንጹሕ ነው፤ ውሃውን የመረዘው ሌላ ነው፣ ታስሯል» አለች። ድንጋይ የያዙት ድንጋያቸውን የት እንደሚጥሉ ጠፋቸው። አንዱ ሽማግሌ መጥቶ የሙሐሲንን ትከሻ ሳመ። እሱ ግን ሰላምታም አልሰማ፤ ወደ ሆስፒታሉ ሮጠ፤ እሷም በመኪና ደርሳበት አሳፈረችው።

ሀናን ዓይኗን ገልጣለች። ከንፈሯ ደርቋል። አባቷን ስታይ እጇን ከብርድ ልብሱ አወጣች። ሙሐሲን አልጋው ሥር ተንበርክኮ እጇን ያዘ።

«አብዬ፣ ዓሣው ጣፍጦ ነበር» አለች ልጅቱ በቀጭን ድምፅ። «ነገም ታመጣልኛለህ?»

ሁዳ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ሙሐሲን ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበላት። ሠላሳ ዓመት የወረደበት ውሃ ነበር፤ ከአባቱ የወረሰው።

በዚህ መሐል ከመስጊዱ የምሽቱ የመግሪብ አዛን ተሰማ። እታገኘሁ ከኮሪደሩ ጫፍ ካለው ማሰሮ ውሃ ቀድታ በብርጭቆ አመጣችለት።

«አፍጥር» አለችው። «ከትናንት ጀምሮ በደንብ አልበላህም።»

ብርጭቆውን ተቀበለ። ወደ አፉ አስጠግቶ ቆመ። ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ አየው፤ አሸተተው።

«ኢንስፔክተር» አለ አፍሮ፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ። ይሄ ውሃ ከየት ነው የተቀዳው?»

እታገኘሁ አላወቀችም። ከየት እንደሆነ ጠይቃ አልቀዳችም፤ ከቧንቧ ይሁን ከወንዝ ማን ያውቃል። ውሃውን ስታየው ራሷንም ቀፈፋት። እናቷ ጠላ ስትቀዳ ለእንግዳ ከመስጠቷ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምስ ነበር።

ብርጭቆውን ከእጁ ወሰደችው። መዳፏ ላይ አፈሰሰች፤ ፊቱን እያየች ጠጣች። ከዚያ መልሳ ሰጠችው።

«ቢስሚላህ በል» አለችው።